ይቅር ካላለች አንቀመጥም

«ይቅር ካላለች አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ዱጋሳ፣ ወይዘሮ ፍቅርተ ያቀረቡላቸውን ወንበር በዘንጋቸው ጫፍ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው።

ወንበሩ ሦስት ነው፤ ሽማግሌውም ሦስት። ጓሮ በር አጠገብ፣ ከግቢው ሁሉ ኔትወርክ ደህና አድርጎ በሚይዝባት በዚያች አንድ ቦታ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ጎን ለጎን ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው በርጩማ አለ፤ በርጩማው ላይ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ፤ ጠርሙሱን ተደግፎ የኦቦ ሌታ ስልክ። በስልኩ ውስጥ ደግሞ ሀንጋሪ አለች።

ሀንጋሪ ማለት ለጊዜው አንድ ነጭ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ጋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ኢሎና የምትባል ጠና ያለች ሴትዮ ተቀምጣለች፤ የተማሪዎቹ ማደሪያ ኃላፊ ናት። ከጎኗ ቀይ ሹራብ የለበሰች፣ ዐይኗን ከወለሉ የማታነሳው ልጅ ሴና ናት። ሴና የኦቦ ሌታና የወይዘሮ ፍቅርተ የመጨረሻ ልጅ፣ የውሃ ምህንድስና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ የሰፈሩ ኩራት ናት፤ ዛሬ ግን ተከሳሽ ናት።

ኦቦ ሌታ ከሽማግሌዎቹ መካከል የሉም። ኮርቻ በመስፋት የሚታወቁትን ያህል ሰው በማስታረቅ ይታወቃሉ። የወንጪው ፈረሰኛ ሲጣላ፣ የእጃጂው ነጋዴ ከሸሪኩ ጋር ሲኳረፍ፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ ሁሉም «ኦቦ ሌታ ይጠሩልን» ነው የሚለው። ነገር ግን የተከሳሽ አባት ሽማግሌ አይሆንም። ኦቦ ዱጋሳም ይህንኑ ሳይሸፋፍኑ ነግረዋቸዋል፤ ስንቱን አባት አንተ ራስህ ዝም አሰኝተሃል፣ ዛሬ ተራው ያንተ ነው ብለዋቸዋል። ስለዚህ ኦቦ ሌታ ስልኩ በማያሳያቸው በኩል፣ ጓሮ በሩን ነፋስ እንዳይመታው ከምትይዘው ድንጋይ አጠገብ፣ ተሰፍቶ ያላለቀ ኮርቻ ላይ ቁጭ ብለው ጣታቸውን ያፍተለትላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገና ቀጥሎ በመጣው ቅዳሜ ጠዋት፣ ማደሪያው ውስጥ ያለው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ የሳምንቱን እንቅልፍ እየተኛ ሳለ ጣሪያው ላይ የተለጠፈው ጭስ አሽታች ማሽን ጮኸ። ተማሪው በነጠላ ጫማ፣ በሌሊት ልብስ፣ አንዱማ በፎጣ ብቻ እየወጣ አርባ ደቂቃ በረዶ ላይ ቆመ። የእሳት አደጋ መኪና ሁለት መጣ። የብረት ቆብ የደፉ ሰዎች ቱቦ እየጎተቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ማብሰያ ቤት ሮጠው ሲገቡ ያገኙት ቃጠሎ አይደለም። ያገኙት በአፉ የተደፋ የማርማላታ ጠርሙስ ነው፤ ከሥሩ የወይራ ስንጥር ቀስ እያለ ይጨሳል። ሴና ለወተቷ ዕቃ እያጠነች ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መጣ። ጉዳዩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ይታያል፤ ጥፋተኛ ከተባለች በወሩ መጨረሻ ማደሪያውን ትለቃለች። የትምህርት ዕድሉ የሚሸፍነው ደግሞ ይህንኑ ማደሪያ ብቻ ነው። በዚያ ከተማ ውጭ ቤት መከራየት ለሴና የሚታሰብ አይደለም፤ አልጋ ከሌለ ትምህርት የለም፣ ትምህርት ከሌለ ሻንጣ ይዞ ወደ አምቦ ነው። ደብዳቤው ግርጌ ላይ ግን ተማሪዋ ስለ እሷ የሚናገር አንድ ሰው ይዛ መቅረብ ትችላለች የሚል ነበረበት። ሴና ይህንን ለእናቷ ያነበበችላቸው እንዲሁ ለወሬ ያህል ነበር።

«አንድ ሰው?» አሉ ወይዘሮ ፍቅርተ። «በአንድ ሰው ምን ዕርቅ አለ? ሦስት እናደርጋለን።»

ማንም ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ያንን የሚያውቁት ኦቦ ሌታና ሴና ብቻ ናቸው።

ሴና እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ አባቷም እሁድ እሁድ ምን በላሽ ይላሉ። ዳቦ ትላለች። ከዳቦው ጋርስ ሲሏት ትንሽ አስባ ሌላ ዳቦ ትላለች። ማብሰያ ቤቱን ከሰባት አገር የመጡ አሥራ አንድ ልጆች ይጋሩታል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ለእያንዳንዱ ስሙ የተጻፈበት አንድ አንድ መደርደሪያ አለው፤ የሴና ከላይ ሁለተኛው ነው፣ አንድ ድስት ከገባበት ክዳኑ ውጭ ይቀራል። የመጀመሪያው ወር ላይ ደረጃ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እንደ አገሯ ደህና አደርክ፣ እናትህ ደህና ናቸው ወይ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሃል ስትል፣ አንዱ ልጅ ይህች ልጅ አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ነው ብሎ በዚያኛው ደረጃ መውረድ ጀመረ። አሁን ጭንቅላቷን ብቻ ነቅነቅ ታደርጋለች። ይህን ስትነግራቸው ኦቦ ሌታ ሥቀው ነበር። ያልሣቁት በወተቱ ነው። የዚያ አገር ወተት በካርቶን ይሸጣል፣ ሳምንት ቢቀመጥም አይረጋም አለቻቸው።

ሰውየው ያን ሳምንት እንቅልፍ አጡ። ሳምንት ሙሉ የማይረጋ ወተት እሳቸው ዘንድ ወተት አይባልም። የጊንጪ አስተማሪ ልጅ ወደዚያው አገር ለትምህርት ሲሄድ፣ ከደረቅ ወይራ ስንጥር ሰንጥረው፣ በካልሲ ከትተው፣ ለሚስታቸው እንኳ ሳይነግሩ ላኩባት። ሴና ሦስት እሁድ ሙሉ እምቢ አለች። አባዬ፣ እዚህ ጭስ ክልክል ነው፣ ጣሪያው ላይ የሚያሸት ማሽን አለ አለቻቸው። «ማሽን ወይራን ከየት ያውቀዋል?» አሉ እሳቸው። «ወይራ ጭስ አይደለም፣ ሽታ ነው።» በአራተኛው እሁድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የአባትሽ ወይራ ከከረፋሽ ጣይው አሏት። በዚያው ሳምንት አጠነች።

ደብዳቤው ሲመጣ ወይዘሮ ፍቅርተ ልጃቸውን በስልክ ያልሰደቧት ስድብ የለም። ሰው አገር ሄደሽ ቤት ልታቃጥዪ ነው ወይ፣ ማን ምከሪኝ አለሽ፣ ይህ ሁሉ የተማርሽው ለዚህ ነው ወይ። ሴና አባዬ ነው አላለችም። አለቀሰች እንጂ ስም አልጠራችም። ኦቦ ሌታም ከሚስታቸው ጎን ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «እንግዲህ ልጅነት ነው» ይሉ ነበር።

አሁን በስልኩ ውስጥ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አንድ ነገር አለች። ሴና እንደተረጎመችው እባካችሁ ተቀመጡ ነው የምትለው። ኦቦ ዱጋሳ ለወንበሩ የመለሱትን ለሴትዮዋም መለሱላት። ስልኩ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ለኢሎና የሚታያት ከደረት እስከ ጉልበት ያለው ብቻ ነው፤ ሦስት ጋቢና አንድ ዘንግ። ወንበር የላቸውም ወይ ብላ ጠየቀች። አላቸው፣ ግን ይቅር እስኪባል አይቀመጡም አለች ሴና። ኢሎና መነጽሯን ወደ ዐይኗ አንስታ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ለጉዳዩ የተሰጠው ሃያ ደቂቃ ነው።

ኦቦ ዱጋሳ ግን ሰላምታ ገና አልጀመሩም ነበር። ስለ ጤናዋ ጠየቁ፣ ስለ ቤተሰቧ፣ በረዶው ለእህሉ ይስማማው እንደሆነ፣ ከብት እንዳላት። ኢሎና ከብት የለኝም፣ አንድ ድመት ብቻ ናት ያለችኝ አለች።

«ድመቷንም ያቆይልሽ በያት» አሉ ኦቦ ዱጋሳ።

ሰባት ደቂቃ ሄደ። ሁለተኛው ሽማግሌ ኦቦ ጉተማ ከፈረስ ከወደቁ ወዲህ ቀኝ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ አሁን በግራ እግራቸው ቆመው ወደ ወንበሩ በዐይናቸው ጥግ ያያሉ። ከወንበሩ ጀርባ ያለው ገበታ ላይ ጨጨብሳና በታጠነ ጮጮ የረጋ እርጎ ቀርቧል። ነገር ሳያልቅ እህል አይቀመስምና የጨጨብሳው ቅቤ እየረጋ ነው።

ቀጥሎ የተናገሩት ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ብዙነህ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ዝንጡን ሙሉ ልብስ ከጋቢው ሥር ለብሰው የመጡትም ለዚሁ ነው። ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዊዝ ሪፈረንስ ቱ ዩር ሌተር» ብለው ጀመሩ። ኢሎና ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ከጠዋት ጀምሮ የገባት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም። አቶ ብዙነህ አንቀጹ ይነበብልኝ አሉ። ተነበበ፤ አንቀጽ አሥራ አራት፣ ክፍት እሳት ማንደድ የተከለከለ ነው። አቶ ብዙነህ ፊታቸው በራ። ወይራ ለማጠኛ ሲሆን ይጨሳል እንጂ አይነድም፣ ያልነደደ ነገር እሳት ሊባል እንዴት ይችላል ብለው ወደ ሁለተኛው ነጥብ ሊሻገሩ ሲሉ የኦቦ ዱጋሳ ዘንግ ቁርጭምጭሚታቸውን ነካ አደረጋቸው።

«ልንከራከር ነው የመጣነው ወይስ ልናስታርቅ?» አሏቸው በሹክሹክታ።

ኮርቻው ላይ የተቀመጡት ኦቦ ሌታ ኤዬ ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ቢሆኑ ከድመቷ ቀጥሎ በቀጥታ ወደ ተበዳይ ነበር የሚሄዱት። ኦቦ ዱጋሳም እንደ ሰሙ ሁሉ ተበዳዩ የት አለ አሉ። ተበዳዮቹ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ናቸው ብላ መለሰች ኢሎና።

ኦቦ ዱጋሳ የኦቦ ጉተማን ጉልበት አዩ። «ሁሉም ይምጡ ብንል ጉተማ ይወድቅብናል። አንዱን ጥሪልን በያት። ተበዳይ ያልተሰማበት ዕርቅ የለም።»

በሩ ላይ የምትጠብቅ ልጅ ነበረች፤ የሴና የክፍል ጓደኛ ናት፣ ከሞንጎሊያ የመጣች፣ ኦዩና የምትባል። ገባች። ያን ቀን በአንድ እግሯ ካልሲ ብቻ በረዶ ላይ ቆማለች። ምን ያህል ተበደልሽ ተባለች። በጣም በርዶኝ ነበር አለች። እሳት አደጋዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ሴና ጠርሙሱን ከመስኮቱ ላይ አንስታ፣ አንዴ ታጥኗል ይባክናል እንዴ ብላ ወተት ሞላችበት፤ ግማሹንም ለኔ ሰጠችኝ። የአያቴ ወተትም እንዲሁ ጭስ ጭስ ይላል፤ እኛም ዘንድ ፈረስና ወተት ነው ኑሮው። ይህን ብላ ወደ ሴና ዞር አለችና፣ የቀረ ካለ አንድ ቀን እንደገና ብንሠራው አለች።

ኢሎና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ተበዳይ ቅሬታ የላትም» አሉ አቶ ብዙነህ። «ይመዝገብልን።»

ኦቦ ሌታ ኮርቻው ላይ ሆነው ነገሩ ሊያልቅ ነው ብለው ነበር። ኢሎና ግን ዝም ብላ የማትረታ ሴት ነች። መነጽሯን አውልቃ ወደ ሴና ዞረች። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ አለቻት፤ ስትገቢ ወረቀት ፈርመሻል፣ ማሽኑ እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ጎበዝ ተማሪ ነሽ። እያወቅሽ ለምን አደረግሽው? ባለማወቅ የተደረገ ነገር ማስጠንቀቂያ አለው። እያወቁ ላደረጉት ግን ደብዳቤው እንዳለው መውጣት ነው።

ሴና ጥያቄውን ለሽማግሌዎቹ ተረጎመች። ወይዘሮ ፍቅርተ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል።

«እውነቱን ተናገሪ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ዱጋሳ። «እውነት ከሌለበት እኛም እዚህ አንቆምም።»

«እኔ ራሴ ነኝ» አለች ሴና። «ማንም አላለኝም። ናፍቆኝ ነው።» ለኢሎናም በእንግሊዝኛ ደገመችላት። ኢሎና ከወረቀቶቿ መካከል የማስወጫውን ስባ አወጣች።

ኦቦ ሌታ በሠላሳ ዓመት ሽምግልናቸው ስንቱን ጎረምሳ፣ ስንቱን ትልቅ ሰው፣ ጥፋትህን እመንና ቀለል ይበልህ ብለዋል። ሲሉት እንዴት ቀላል ነበር። አሁን ግን ምላሳቸው የተሰፋ ኮርቻ ሆነባቸው። ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? ልጅቱ አትናገር፤ ካልሲው እንኳ እሷ ጋ ነው ያለው። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ኦቦ ሌታ ከኮርቻው ተነሡ። ጎንበስ ብለው ጓሮ በሩን የምትይዘውን ድንጋይ አነሡ፤ በሩ ተለቀቀና ነፋሱ ኳ አደረገው። ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ ጭነው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በሽማግሌዎቹ መካከል አልፈው ስልኩ ፊት ቆሙ። ኢሎና ከጋቢዎቹ መካከል ሽበትና ድንጋይ ሲመጣባት ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

«አባዬ፣ ተው» አለች ሴና።

«ሳትቀንሺ ተርጉሚ» አሉ። «ወይራውን የላክሁት እኔ ነኝ። በካልሲ ደብቄ። ልጅቱ ማሽኑ ይጮኻል ብላኛለች፤ አይጮኽም ያልኩት እኔ ነኝ። እምቢ ስትል አኮረፍኳት። አባቷ ሲያኮርፍ ምን ታድርግ? ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሴና ተረጎመች። አልቀነሰችም። ኢሎና ስለ ድንጋዩ ጠየቀች። ሴና እኛ አገር ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፣ የተበደለው ሰው አውርደው ካለው ይቅር ብሎታል ማለት ነው አለች። ካላለውስ? ካላለው ተሸክሞ ይቆማል። እስከ መቼ?

«አባቴ ነው» አለች ሴና። «አውቀዋለሁ። እስኪመሽ ይቆማል።»

ኢሎና ያነሳችውን እስክሪብቶ መልሳ አስቀመጠች። በኋላ ሴና እንደነገረቻቸው፣ ሴትዮዋ እዚያ ወንበር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። ነፋስ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ስገባም ይጨስ ነበር የሚል ተማሪ ስትሰማ ኖራለች፤ ከአራት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እኔ ነኝ የሚል አባት ግን አልገጠማትም። ኦቦ ጉተማ በበኩላቸው የኦቦ ዱጋሳን ትከሻ ይዘው መወዛወዝ ጀምረዋል።

በመጨረሻ ኢሎና ወረቀቱን ወደ ነበረበት መለሰችውና ቀስ እያለች ተናገረች። ልጅቷ ትቆያለች። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣታል። የቀረውን ወይራ ዛሬውኑ ቢሮ ታስረክባለች። ሁለት ወር ሙሉ የሦስተኛ ፎቅ ማብሰያ ቤት ታጸዳለች። አባትየውም ሌላ እንጨት አልልክም ብለው በቃላቸው ይማሉ። ከዚያ ጣቷን ወደ ድንጋዩ ቀሰረች።

«ያውርዱት ብላለች፣ አባዬ» አለች ሴና።

ሴና አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ኦቦ ጉተማ ወንበር ላይ ነበሩ። ኦቦ ሌታ አልልክም ብለው ማሉ። ድንጋዩንም አወረዱ። ኦቦ ዱጋሳ ኢሎናን መረቁ፤ ማደሪያውን፣ ከሞንጎሊያ የመጣችውን ልጅ፣ በመጨረሻም ድመቷን መረቁ። «ገለቶሚ» አሏት፤ ሴና አመሰግናለሁ ማለት ነው ብላ ስትነግራት ሴትዮዋ ቃሉን ሁለት ጊዜ ሞክራ፣ ሰዓቷን አይታ፣ ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። ነጩ ክፍል ውስጥ ሴናና ኦዩና ብቻ ቀሩ።

በግቢው ውስጥ ደስታ ሆነ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ታጠቡ። አቶ ብዙነህ ያቺ የአንቀጽ አሥራ አራት ነገር ብትቀጥል ኖሮ በነፃ ነበር የምናስለቅቃት አሉ። ኦቦ ጉተማ ጉልበታቸውን ዘርግተው የመጀመሪያውን ጉርሻ አነሱ።

ያልተቀመጡት ወይዘሮ ፍቅርተ ብቻ ናቸው። እጃቸውን አጣጥፈው፣ ባላቸውን ከላይ እስከ ታች እያዩ ቆመዋል።

«የሴና አባት።»

«አቤት።»

«ፈረንጇ ይቅር ብላሃለች።»

«ተመስገን ነው።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄን ስሳደብ፣ ሳስለቅሳት፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ጭንቅላትህን ትነቀንቅ ነበር። ልጅነት ነው ትል ነበር።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እኔስ? በእኔ ፈንታ ማን ይቅር አለህ?»

ኦቦ ሌታ ወደ ኦቦ ዱጋሳ አዩ። ኦቦ ዱጋሳ ወደ ጨጨብሳው አዩ። አቶ ብዙነህ የሙሉ ልብሳቸውን ቁልፍ መልሰው መቆለፍ ጀመሩ። ኦቦ ጉተማ ያነሱትን ጉርሻ ትንሽ ይዘው ቆዩና፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ ሁለቱንም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደገና መነሣት ጀመሩ። ስልኩ ውስጥ ሴና አፏን በሹራቧ እጅጌ ሸፍናለች፤ ኦዩና ምን ተፈጠረ እያለች ትጎትታታለች።

ኦቦ ሌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ጓሮ በሩ ሄዱ። ቅድም የተሸከሟት ድንጋይ እግራቸው ሥር ነበረች። አዩዋት፤ ሚስታቸውንም ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ድንጋይዋን ተራምደው፣ ከውሃ በርሜሉ ግርጌ ወዳለው፣ ልብስ ወደሚታጠብበት ወደ ትልቁ ድንጋይ ሄዱ።